ሞተሩ የሚያንኳኳው መቼ ነው?

የቤተሰብዎ መኪና ሞተር ድምፁን ሲቀይር አብዛኛው ሰው ቶሎ የሚጠይቀው «ከየት ነው የሚመጣው?» ብሎ ነው። እኔ ግን «መቼ ነው የሚሰማው?» የሚለውን እንዲያስቀድሙ እመክራለሁ። ብረት ድምፅን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስተላልፋል። ከታች ኮሎው (ክራንክሻፍቱ) ላይ የሚመታ ቢየላ (የፒስተን ዘንግ) ከላይ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) የመጣ ሊመስል ይችላል፤ የላላ የማርሚታ ላሜራ ደግሞ ሞተሩ ያለቀለት ያስመስላል። ሰዓቱና ሁኔታው ግን ብዙ አያሳስቱም። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ነው? ዳገት ላይ ነው? ነዳጅ ሲለቁ ነው? ሲሞቅ ይጠፋል ወይስ ይብሳል? የእነዚህን መልስ ቁርጥ አድርጎ ይዞ ጋራዥ የሚገባ ሰው ገንዘቡን በትክክለኛው ቦታ ላይ ያወጣል። ሳይዝ የገባ ጤነኛ ሞተር አስወርዶ ሊከፍል ይችላል።

በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ በእጃችን ያለው ራቭፎር፣ ቪታራ፣ ቱሳን ወይም ፕራዶ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግለን ይገባል። ስለዚህ ሞተሩ ሲናገር ቶሎ መስማት ተገቢ ነው።

መጀመሪያ፦ ይንዱት ወይስ ያጥፉት?

ድምፁ ወፍራምና ከባድ ከሆነ፣ በተለይም ዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ፣ ዳር ይዘው ወዲያው ሞተሩን ያጥፉ። «ጋራዡ ቅርብ ነው፣ ቀስ ብዬ ልድረስ» አይበሉ። ያ መብራት የሚነግርዎ ዘይቱ መጉደሉን ሳይሆን የዘይት ግፊት መጥፋቱን ነው፤ ያለ ግፊት ጥቂት ደቂቃ የሠራ ሞተር ብሮንዚኑንም (ኮሎው የሚሽከረከርበትን ስስ ሽፋን) ኮሎውንም ሊያጣ ይችላል። የማስጎተቻ ዋጋ ከዚህ ኪሳራ ጋር አይወዳደርም።

ከዚያ ዘይቱን ይለኩ። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ ሞተሩ ከጠፋ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይለፈው። መለኪያውን አውጥተው በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት፣ እስከ መጨረሻው መልሰው ይክተቱትና እንደገና ያውጡት። በአብዛኞቹ መኪናዎች በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሊትር ገደማ ነው። መጠኑን ብቻ አይተው አይተዉት። ያሽትቱት፤ ቤንዚን ቤንዚን ወይም ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ዘይቱ ቀጥኗል፣ ብሮንዚኑን በሚገባ አይጠብቅም። ወተት የተቀላቀለበት ቡና መስሎ ከነጣ ውኃ ገብቶበታል፣ ቴስታታ ጓርኒሲዮኑ ይጠረጠራል። ከላይኛው ምልክት አልፎ ከተገኘም ጥሩ አይደለም፤ ኮሎው ሲሽከረከር ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ ግፊት አይዝም።

ጎድሎ ካገኙት የመኪናው መጽሐፍ የሚያዘውን ዓይነት ሞልተው ያስነሱና ያዳምጡ። ድምፁ ከጠፋ እፎይታ ነው፤ ሆኖም ዘይቱ የት እንደሄደ ሳያውቁ ረጅም መንገድ አይውጡ። ከሞሉም በኋላ ያ ወፍራም ምት ካለ ያጥፉትና ያስጎትቱት።

ስልክዎን ይጠቀሙ

ሞተር ሐኪም ፊት ሲቀርብ ዝም ማለት ይወዳል። ጠዋት ያንኳኳ የነበረ መኪና ጋራዥ ሲደርስ ሞቆ ድምፁ ይጠፋል። ስለዚህ ቪዲዮ ይቅረጹ። ሌሊቱን ያደረውን ሞተር ከማስነሳትዎ በፊት ኮፈኑን ከፍተው ስልኩን ያዘጋጁ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች ብዙ ይናገራሉ። ቀጥሎ ሲሞቅ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረግጡ)፣ ከዚያም 2500 ዙር ላይ ይዘው ይቅረጹ። አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ የዙር መለኪያውንና የሙቀት መለኪያውን ቢቀርጽልዎ የተሻለ ነው።

ኮፈኑ ስር ሲሠሩ ነጠላ፣ ሻርፕና ሰፊ እጅጌ ያስወግዱ፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አያስነሱ፤ በጭሱ ውስጥ ያለው መርዝ ሽታ ሳይሰጥ ይገድላል።

ከሞተሩ ውጭ ያለውን ያጣሩ

እዚህ ላይ የሚጠፋው ጊዜ ጥቂት ነው፣ የሚድነው ገንዘብ ግን ብዙ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የማርሚታውንና የጭስ ማውጫውን መሸፈኛ ላሜራዎች በእጅዎ መታ መታ ያድርጓቸው። የሚንኮሻኮሽ ካለ ቡሎኑ ዝጎ ላልቷል፤ ማጥበቅ ወይም መቀየር ነው። ሲቀዘቅዝ ቲክ ቲክ ብሎ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከጭስ ማውጫው ማኒፎልድ የሚያፈስ ጋዝ ነው፤ ብረቱ ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ቀዳዳውን ይዘጋዋል። ዙሪያውን ጥቀርሻ ካዩ ማረጋገጫዎ ነው።

የዲናሞ፣ የኤሲ ኮምፕረሰርና የውኃ ፓምፕ ኩሽኔታዎች ሲያረጁም ያንኳኳሉ። ሜካኒኩ ቺንጋውን አውልቆ ሞተሩን ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ያስነሳ። ድምፁ ከጠፋ ሞተርዎ ከጥርጣሬ ወጣ። ቆይታው አጭር ይሁን፤ በብዙ መኪኖች የውኃ ፓምፑን የሚያዞረው ያው ቺንጋ ነው።

በአውቶማቲክ መኪና ብዙ ሜካኒክ የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ስስ የብረት ሳህን ሲሰነጠቅ ወይም ቡሎኖቹ ሲላሉ ድምፁ ቢየላ ከመምታት ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ፍሬን ይዘው ከኤን ወደ ዲ ሲያስገቡ ድምፁ በግልጽ ከተለወጠና ከሞተሩ ኋላ፣ ከካምቢዮው በኩል ከመጣ፣ ሞተር ከመውረዱ በፊት ያ ሳህን ይታይ። በዚህ ስሕተት የተፈታ ደህና ሞተር ጥቂት አይደለም።

ቀላልና ፈጣን የሆኑት ከላይ ናቸው

ከቴስታታው በኩል የሚመጣ፣ ከሞተሩ ዙር በግማሽ የሚዘገይ ቀጭን ቲክ ቲክ የቫልቭ ነው። ዘይት መቀየርና ቫልቭ ማስተካከል ብዙውን ይፈታል፤ በሃይድሮሊክ ታፔት የሚሠራ ከሆነ አሮጌ ዘይት ያቆሸሸው ታፔት ሊቀየር ይችላል። ቤንዚንን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጩ አዳዲስ ሞተሮች ኢንጀክተራቸው ራሱ ቲክ ቲክ ይላል፤ ያ ጤናቸው ነው።

ጠዋት ሲነሳ ሽርርር ብሎ ከሁለትና ሦስት ሰከንድ በኋላ የሚቆም ድምፅ ብዙ ጊዜ የታይሚንግ ካቴና ነው። መወጠሪያው ዘይት እስኪደርሰው ካቴናው ይላላል። ይህንን አያቆዩት፤ ካቴናው ጥርስ ከዘለለ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ሲቀዘቅዝ ደፈን ያለ ምት ኖሮ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ልቅ ሆኗል ማለት ነው። ዘይት እስካልበላና እስካልባሰ ድረስ ከእሱ ጋር ብዙ ኪሎ ሜትር መኖር ይቻላል።

ዳገት ላይ የሚሰማው

ነዳጅ ሲረግጡ፣ በተለይ ጭነት ይዘው ዳገት ሲወጡ፣ ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደማንገራገጭ ያለ ስል ድምፅ ተሰምቶ እግርዎን ሲያላሉ ወዲያው ከጠፋ፣ የሚያንኳኳው ብረት ሳይሆን እሳቱ ነው። ካንዴላው የለኮሰው ነበልባል ሳይደርስ ጥግ ላይ የቀረው የቤንዚንና የአየር ድብልቅ በሙቀትና በግፊት በራሱ ይፈነዳል። ኖክ ሴንሰር የሚባለው ጆሮ ይህንን ንዝረት ሰምቶ ኮምፒውተሩ የመለኮሻ ሰዓቱን እንዲያዘገይ ያደርጋል። ድምፁ ለእርስዎ እስኪሰማ ከደረሰ ግን ሴንሰሩ ታምሟል ወይም ከአቅሙ በላይ ሆኖበታል።

የአዲስ አበባ ነዋሪ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል። ከተማችን 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ የሚስበው አየር ቀጭን በመሆኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊትም ይቀንሳል፣ ስለዚህ የማንኳኳት ዝንባሌው ይደበቃል። ከዚያ ቤተሰቡን ጭነው፣ ጣሪያው ላይ ሻንጣ አስረው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ከፍታው ከ1000 ሜትር በታች ይሆናል፣ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ኤሲው ይሠራል። ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ይንገራገጫል። ብዙ ሰው «አዋሽ ላይ የቀዳሁት ቤንዚን አበላሸው» ይላል። ቤንዚኑ መጥፎ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ የደበቀችው ድካም ነው የተገለጠው። ዴንቨር አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ይህንኑ ያገኙታል፦ በዚያ ከፍታ ማደያዎቹ 85 ኦክቴን ይሸጣሉ፤ መጽሐፉ 87 የሚል መኪና ከሆነ፣ ይልቁንም ቱርቦ ካለው፣ 85 አይቅዱለት። ቱርቦ ቀጭኑን አየር መልሶ ስለሚያወፍረው ከፍታው አይምረውም።

መንገድ ላይ ሳሉ የሚያደርጉት ይህ ነው፦ ነዳጁን ያላሉ፣ ማርሽ ይቀንሱ። በከፍተኛ ማርሽ ዝቅ ባለ ዙር ሞተሩን እያስጨነቁ ዳገት መውጣት ማንኳኳትን ከሚጠሩት ነገሮች ዋነኛው ነው። ከተማ ሲመለሱ ከርካሹ ይጀምሩ። የራዲያተር ውኃና ቴርሞስታት ይታዩ፤ በሙቀት የሚሠቃይ ሞተር ያንኳኳል። ካንዴላዎቹ ይውጡና ቁጥራቸው መጽሐፉ ከሚያዘው ጋር ይመሳከር፤ «ይገጥማል» ተብሎ የገባ ሌላ ዓይነት ካንዴላ ጫፉ ግሎ ራሱ እሳት ይለኩሳል። ኮምፒውተር ያስነብቡ፦ ፒ0325 ከኖክ ሴንሰሩ፣ ፒ0171 ደግሞ ከድብልቁ መሳሳት ጋር ይያያዛል፤ የሳሳ ድብልቅ ይግላል፣ የጋለ ያንኳኳል። ለድብልቁ መሳሳት የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ይፈለጋል።

ነዳጁን በተመለከተ፣ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚን ከተቻለ አይቅዱ። ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት ኦክቴኑ በእጅጉ ይወርዳል። ታንኩ ውስጥ ጥርጣሬ ካለዎት ከታመነ ማደያ ሞልተው ሁለት ታንክ ያህል ይሞክሩ። ካልተለወጠ በሲሊንደሩ ውስጥ የተከማቸ ካርቦን ይጠረጠራል፤ በትራፊክ ተጨናንቆ አጭር አጭር መንገድ የሚሠራ መኪና ብዙ ይሰበስባል። ታንክ ውስጥ የሚጨመር ማጽጃ ይረዳል። በቀጥታ በሚረጩ ሞተሮች ግን የቫልቩን ጀርባ አያጸዳም፤ ቤንዚኑ እዚያ አያልፍምና። ለትንንሽ ቱርቦ ሞተሮች የዘይቱ ዓይነትም ወሳኝ ነው፤ ጣሳው ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውን ኤፒአይ ኤስፒ ደረጃ ይፈልጉ። በዝቅተኛ ዙር የሚደርሰውን ያለጊዜው ፍንዳታ ለመከላከል ጭምር የተዘጋጀ ነው።

ናፍጣ ለሚነዱ

ናፍጣ ሞተር ጠዋት ማንኳኳቱ ባሕርይው ነው። ለውጡን ነው ማዳመጥ ያለብዎት። ባለ 3.0 ሊትሩ 1ኬዲ ሞተር ያለው ፕራዶ ካለዎት ኢንጀክተሮቹን አደራ። ከኢንጀክተሩ ስር ያለው የመዳብ ዋሸር ማሳለፍ ሲጀምር የእሳቱ ጋዝ ወደ ላይ ወጥቶ ዘይቱን ወደ ጥቁር ዝፍት ይለውጠዋል፤ ዝፍቱ ወርዶ ከታች ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይዘጋል፤ ከዚያ ግፊት ይጠፋና ብሮንዚን ይበላል። በኢንጀክተር የተጀመረ ሕመም ሙሉ ሞተር የሚወስደው እንዲህ ነው። ዋሸሩ ሲቀየር ከታች ያለው የዘይት ገንዳ ወርዶ ወንፊቱ ይታይ፤ አንዱን ሠርቶ ሌላውን መተው ግማሽ ሥራ ነው።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ፦ በድሮ ናፍጣዎች የሚያንኳኳውን ሲሊንደር ለመለየት የኢንጀክተሩን ቱቦ ላላ ያደርጉ ነበር። በእነዚህ አዳዲስ ኮመን ሬል ሞተሮች ይህ ፈጽሞ አይደረግም። በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከ1000 ባር በላይ ስለሚደርስ የሚፈናጠረው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። የእያንዳንዱ ኢንጀክተር ሁኔታ በኮምፒውተር ይነበባል።

ከታች የሚመታው

ሁሉም የሚፈራው ይህ ነው። ወፍራም፣ ከሞተሩ ዙር ጋር የሚፈጥንና የሚዘገይ ኳ ኳ ኳ። ሲሞቅና ዘይቱ ሲቀጥን የሚብስ ከሆነ የቢየላ ብሮንዚን ነው ብለው ይጠርጥሩ። ለመንዳት ሳይሆን ለመለየት ያህል፣ ቀዩ የዘይት መብራት ካልበራ፣ ፈተናው ቀላልና አጭር ነው። ሞተሩ ሞቆ መኪናው በቆመበት ዙሩን ወደ 2500 ያድርሱና እዚያው ይያዙ፤ ከዚያ ነዳጁን በጣም በዝግታ ይልቀቁ። የተበላ ቢየላ በዚያች በመልቀቂያዋ ቅጽበት፣ ጭነቱ ከመግፋት ወደ መጎተት ሲለወጥ፣ ቶሎ ቶሎ ይመታል።

ቀጥሎ ረጅም ካቻቪቴ ይያዙ። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዎ ስር አጥንቱ ላይ አድርገው ከላይ ወደ ታች ይውረዱ። ከቫልቭ ክዳኑ ይልቅ የዘይት ገንዳው ጎን ላይ ድምፁ ከጎላ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከዚያ ሜካኒኩ የሲሊንደሮቹን ሥራ አንድ በአንድ ያቋርጥ። ኮይሉን ሳይሆን የኢንጀክተሩን ሶኬት መንቀል ይሻላል፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ካታሊስቱ ወርዶ እንዳያቃጥለው። አንዱ ሲሊንደር ሲጠፋ ድምፁ በግልጽ ከቀነሰ ቢየላው ተገኘ። በማንኛቸውም ካልተለወጠ ወደ ውጭው ምርመራ ይመለሱ።

አሁን ግፊቱ በእውነተኛ መለኪያ ይለካ፤ የዳሽቦርዱ መብራት መለኪያ አይደለም። ለብዙ የቶዮታ ሞተሮች መመሪያው ሲሞቅ በሚኒሞ ቢያንስ 29 ኪሎ ፓስካል፣ 3000 ዙር ላይ ደግሞ ቢያንስ 245 ኪሎ ፓስካል ይላል። የእርስዎን መኪና ቁጥር ከራሱ የጥገና መጽሐፍ ያስፈልጉ።

ከሁሉ በላይ የማምነው ማስረጃ ግን አሮጌው የዘይት ፊልትሮ ነው። ጣሳው በቆርቆሮ መቁረጫ ይከፈት፤ በመጋዝ ከሆነ የመጋዙ ብናኝ ገብቶ ያሳስታል። ወረቀቱ ይውጣ፣ ዘይቱ ይጨመቅ፣ እጥፋቶቹ ፀሐይ ላይ ነጭ ወረቀት ላይ ይዘርጉ። ጥቂት ጥቁር ብናኝ የተለመደ ነው። የሚያብረቀርቁ ቀጫጭን ቅርፊቶች ካዩ ማግኔት ያስጠጉ። ማግኔቱ የሚያነሳው ብረት ነው፣ ከካቴና ወይም ከጥርስ ሊመጣ ይችላል። ማግኔት የማያነሳው፣ ብርማ ወይም ቀላ ያለ ቅርፊት በአብዛኛው የብሮንዚን ሽፋን ነው። ይህን ካዩ ክርክሩ አልቋል፤ መኪናው በራሱ ሞተር ከዚያ ጋራዥ አይውጣ።

ይህ ችግር በፋብሪካም ተከስቶ ያውቃል። ሂዩንዳይ ቴታ 2 በተባለው ሞተሩ ላይ፣ ኮሎው ሲቀረጽ የቀረ የብረት ብናኝ የቢየላ ብሮንዚኖችን ዘይት እያሳጣ በመገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ መኪናዎችን ለጥገና መጥራት ጀመረ፤ በ2017 ኪያም ተጨምሮ ጥሪው ወደ 1.2 ሚሊዮን ገደማ ተጨማሪ መኪናዎች ሰፋ። የ2013 እና 2014 ሳንታፌ ስፖርት፣ ከ2012 እስከ 2014 የተሠራው ሶሬንቶና ከ2011 እስከ 2013 የተሠራው ስፖርቴጅ ከእነዚህ መካከል ናቸው። በኋላ ኩባንያዎቹ የኖክ ሴንሰሩ የብሮንዚንን ንዝረት አስቀድሞ ለይቶ ነጂውን እንዲያስጠነቅቅ ሶፍትዌር ጫኑ። አሜሪካ የምትኖሩ፣ ባለ 17 ፊደልና ቁጥሩን የሻንሲ መለያ በብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ድረ ገጽ አስገብታችሁ ያልተሠራ ጥሪ እንዳለ እዩ፤ ጥገናው በነጻ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ መኪና እዚህ የሚገዛ ሰውም ያንኑ መለያ ከመክፈሉ በፊት ቢያይ ይበጀዋል።

ጥገናው ሲጀመር

«ወፍራም ዘይት እንጨምርበት፣ ይጠፋል» ከተባሉ አይቀበሉ። ድምፁን ለጥቂት ቀን ያደክመዋል፣ መበላቱን ግን አያቆምም፤ እስከዚያ ሊድን ይችል የነበረው ኮሎ ይሞታል። ብሮንዚን ብቻ ቀይሮ መግጠምም እንዲሁ ነው። ኮሎው ወጥቶ ቶርኖ ቤት ይለካ። ከተቧጨረ ይሳላል፣ በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ብሮንዚንም ይገባለታል፤ አንዳንድ የአዳዲስ ሞተሮች ኮሎ ግን መሳል አይፈቀድለትም፣ መቀየር አለበት። የኮሎው የዘይት ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይታጠቡ። የዘይት ማቀዝቀዣው ብናኝ ይዞ ስለሚቀር ቢቀየር ይመረጣል። የቢየላ ቡሎኖች በብዙ ሞተሮች አንዴ ከጠበቁ ይለጠጣሉና አዲስ ይግቡ፣ በቶርክ ቁልፍም ይጥበቁ።

ያገለገለ ሞተር ከሶማሌ ተራ ለመግዛት ከወሰኑ ሳይነሳ አይክፈሉ። የቫልቭ ክዳኑን ያስከፍቱና ከውስጥ ያለውን የዘይት ቀለም ይዩ፤ ጥቁር ጭቃ ከተጋገረበት ይለፉት። የዘይት ገንዳውም ይውረድ፣ አንድ የቢየላ ብሮንዚን በዓይንዎ ይታይ።

ለሜካኒኩም ሲነግሩ ውሳኔ ሳይሆን ምልክት ይንገሩት። «ቢየላ ነው፣ አውርደው» ካሉት ያወርደዋል። ይልቅ እንዲህ ይበሉ፦ «ወንድሜ፣ ሲሞቅ 2500 ዙር ላይ ይዤ ቀስ ብዬ ስለቅ ይመታል። ጠዋት ይቀንሳል። ዘይቱ ልኩ ላይ ነው፣ ቪዲዮውም ይኸው። ከመፍታትህ በፊት ግፊቱን ለካልኝ፣ ፊልትሮውንም አብረን እንክፈተው።» ጎበዝ ሜካኒክ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። የሚቆጣውን ትተው ሌላ ይፈልጉ። የተቀየሩትን አሮጌ ዕቃዎች በሙሉ ተረክበው ይውጡ።

ሞተሩ ተሠርቶ ሲወጣ የመጀመሪያውን ዘይትና ፊልትሮ እስከ ቀጣዩ ሰርቪስ አያቆዩ፤ 1000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ይቀይሩ። እስከዚያ ከባድ ጭነትና ረጅም ዳገት ይቅርበት፣ በአንድ ፍጥነትም ለረጅም ሰዓት አይንዱት። የወጣውን ፊልትሮ እንደገና ያስከፍቱት። ከመጀመሪያው ጥገና የቀረ ጥቂት ብናኝ ሊገኝ ይችላል፤ ቅርፊት ካለ ግን የጋራዡ የሥራ ዋስትና ሳያልቅ መኪናውን ይመልሱ።